ዋጋው ከመቆረጡ በፊት

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ የጽዳት ድርጅት ከፍቻለሁ። ደንበኞች ደውለው «በካሬ ስንት ነው?» ይሉኛል። ምን ልመልስ?

መልስ፦ ቦታውን ሳያዩ ዋጋ አይቁረጡ። ግንባታው ገና ያለቀ ቤትና ሰው የሚኖርበት ቤት በካሬ እኩል ቢሆኑም ሥራቸው አይገናኝም፤ ሴራሚክ ላይ የደረቀ ሲሚንቶ፣ መስታወት ላይ የተረጨ ቀለም እየረጠበ በምላጭ ሲፋቅ ቀኑን ይበላል። ቧንቧውንም ከፍተው ይዩ፤ ውሃ ከሌለ የቦቴው ወጪ የማን እንደሆነ ቀድሞ ይነገር። ከዚያ ስንት ሰው ስንት ቀን እንደሚፈጅ ያስሉ። ለቢሮ በቋሚ ውል ሲሠሩ ከደመወዙ በላይ የአሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ አለ። ይህን ረስተው ከሠራተኛዋ ደመወዝ የሚያካክሱ አሉ፤ በፍጹም መሆን የለበትም። ለተጨማሪ እሴት ታክስ ከተመዘገቡ፣ ዋጋው 15 በመቶውን ማካተት አለማካተቱን ፕሮፎርማው ላይ ይጻፉ።