የደም ሥር መድረቅና የልብ መተለቅ

በዚህ ወር ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ትምህርት ዕድሜያቸው ከገፋ ሰዎች ብዙዎቹን ሳይሰማቸው ስለሚጎዳ ነገር ነው፤ ይኸውም ደም ሥር ሲደርቅ ልብን እንዴት እንደሚያተልቅ ነው።

የሰው ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። በእያንዳንዱ ምት ከግራው የታችኛው ክፍል የሚወጣው ደም በመጀመሪያ የሚገባው አኦርታ ወደሚባለው ታላቅ ደም ቅዳ ነው። ይህ ቧንቧ በወጣትነት ጊዜ እንደ አዲስ ላስቲክ ይለጠጣል፤ ከተቀበለው ደም ከፊሉን ያቈያል፤ ልብ ዐረፍ ሲል ደግሞ እየተኰማተረ ያቈየውን ወደ ፊት ይገፋል። ልብን ራሱን የሚመግቡት ቀጫጭን ቧንቧዎች ድርሻቸውን የሚያገኙት በአብዛኛው በዚህች የዕረፍት ጊዜ መሆኑን ልብ ይሏል።

ዕድሜ ሲገፋ ግን በአኦርታ ግድግዳ ውስጥ ያሉት ተለጣጭ ክሮች ይበጣጠሳሉ፤ በምትካቸውም ጠንካራ ክርና ካልሲየም ይከማቻል። መምህራን ይህን ለማስረዳት ቢፈልጉ አንድ አዲስና አንድ ያረጀ የቢስክሌት ከመነዳሪ ይዘው ወደ ክፍል ቢገቡ ከብዙ ቃል ይሻላል። የደረቀው ቧንቧ አይለጠጥምና ልብ ሲመታ የሚገጥመው ተቃውሞ ይበረታል፤ በዕረፍቱም ጊዜ የሚገፋው ደም ያንሳል። በአረጋውያን ዘንድ ከሁለቱ የደም ግፊት ቍጥሮች የላይኛው ሲጨምር የታችኛው ብዙ ጊዜ የሚቀንሰው ስለዚህ ነው። እንግዲህ ልብ ሥራው በበዛበት ጊዜ ቀለቡ ይጎድልበታል።

ሸክም የለመደ ሰው ጫንቃው እንደሚደነድን ሁሉ የልብም ጡንቻ ይወፍራል። ትልቅ ልብ ብርቱ ልብ ነው የሚል አይጠፋም፤ እኛ ግን ይህን አሳብ አንቀበለውም። የወፈረው ግድግዳ ደም ለመቀበል በሚገባ አይላላም፤ ደሙም ወደ ሳንባ ይመለሳል። ውሎ አድሮም ልቡ ደክሞ ሊሰፋ ይችላል። አቀበት ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር፣ ለመተኛት ትራስ መደራረብ፣ ወደ ማታ እግር ማበጥ የዚህ ምልክቶች ናቸው፤ እነዚህን «እርጅና ነው» ብሎ መተው በየቤቱ የምናየው ልማድ ሆኗል።

በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ በምትገኘው በፍራሚንግሃም ከተማ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ 5,209 ሰዎችን በየጊዜው እየመረመሩ የተከታተሉ ሐኪሞች፣ የግራ ልባቸው የወፈረባቸው ሰዎች በልብ ድካምና በድንገተኛ ሞት ይበልጥ እንደሚጠቁ ተገንዝበዋል።

ሆኖም ግፊቱ በመድኃኒት ዝቅ ካለ የወፈረው ግድግዳ በከፊል ሊሳሳ ይችላል። ይህም የሚሆነው ክኒኑ ሳይቋረጥ ሲወሰድ ነው፤ «ተሽሎኛል» ብሎ በገዛ ፈቃድ ማቆም ልብን ወደ ቀድሞው ሸክም ይመልሰዋል። ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳይበልጥ ያስፈልጋል፤ በበርበሬውና በሽሮው ዱቄት ውስጥ የገባውም ይቈጠራል።

ግፊቱን የሚያስለካ ሰው ከግማሽ ሰዓት አስቀድሞ ቡናና ትንባሆ ይተው፤ 5 ደቂቃ ተቀምጦ ይረፍ፤ ክንዱንም በልቡ ትክክል ያሳርፍ። ሁለቱንም ቍጥሮች ከነቀኑ ጽፎ ይያዝ። በተለያዩ ቀኖች ተለክቶ የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ ወይም ካለፈ ጽሑፉን ይዞ ወደ ሐኪም ይሂድ።