ዛፉ ቆሞ ፈርኑ ለምን ጠፋ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ከፋ ውስጥ ነው። የቡና ጫካችን ትልልቅ ዛፎች አልተቆረጡም፤ ግንዳቸውን ያለብሱ የነበሩት ፈርኖች ግን እየጠፉ ነው። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ፈርን የሚፈልገው ዛፉን ብቻ ሳይሆን ጥላውንና እርጥበቱንም ነው። ለቡናው ተብሎ ቁጥቋጦው ሲመነጠር፣ ቅርንጫፉ ሲሳሳ፣ ፀሐይና ነፋስ ገብተው ግንዱን ያደርቁታል።

ፈርን አበባም ዘርም የለውም። ቅጠሉን ገልብጠው ቢያዩት ቡናማ ነጠብጣቦች ያገኛሉ፤ ከእነሱ እንደ ዱቄት የላመ ስፖር ይበተናል። ከስፖሩ መጀመሪያ የሚወጣው ከጥፍር የማይበልጥ ስስ አረንጓዴ ነገር ነው። እዚያ ላይ ወንዴው ሕዋስ ሴቴው ዘንድ የሚደርሰው በውሃ ውስጥ ዋኝቶ ነው። ያቺ ጠብታ ከሌለች አዲስ ፈርን አይወለድም፤ አሮጌዎቹ ለጊዜው ቢቆዩም ተተኪ ያጣሉ። ቅጠላቸው የአንድ ሕዋስ ውፍረት ብቻ ያላቸው ዝርያዎችማ ቀድመው ያልቃሉ። በኪሊማንጃሮም ቢሆን ፈርን በዓይነት የሚበዛው ደመና በሚያዘወትረው መካከለኛ ከፍታ ላይ ነው።

ከፋ በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል፤ ማዕከላዊው ጫካ ፈጽሞ ሊነካ አይገባም እላለሁ። እርስዎም ቢያንስ የወንዙን ዳር አይመንጥሩ፤ ዛፍ የሚያክለው ፈርን፣ ሲያትያ፣ የሚወደው እንዲህ ያለውን ጥላማ የውሃ ዳር ነው። ያረጁ ዛፎችንም ግንድ አይፋቁ።