ጓሮን በጀሪካን መለካት

ጓሮ ማልማት የጀመረ አባወራ የሚሄድበት መንገድ ተመሳሳይ ነው። በመጀመሪያ በአጥሩ ጥግ አንድ የዘይቱን ችግኝ ይተክላል። ችግኙ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ፣ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ቆም ብሎ ያየዋል። በሚቀጥለው ክረምት ከችግኙ አጠገብ የቆስጣ መደብ ይዘጋጃል፤ ከዚያ ጎመን፣ ከዚያም ካሮትና ቀይ ሥር ይከተላሉ። በመግቢያው ግራና ቀኝ ጠጅ ሣርና ጤና አዳም ይበቅላል። ለዓመታት የተሰበረ ወንበርና የዛገ ቆርቆሮ ሲጣልበት የኖረው ጥግ ይጸዳል፤ እንግዳ ሲመጣም ቡናው እስኪደርስ ድረስ በጓሮው ውስጥ ይዞራል። በየአጥቢያው እንዲህ ያለ አባወራ ወይም እማወራ አይጠፋም፤ ከካህናቱም ጥቂት የማይባሉት ከእነዚህ ወገን ናቸው።

ይህ ትጋት የሚያስደስት ነው። በዚህ ትምህርት ልናነሣው የምንሻው ግን ትጋቱ የሚሰበርበትን ወቅት ነው። ጓሮ በነሐሴ ይሰፋል፤ በየካቲት ይደርቃል። በነሐሴ ውኃው ከሰማይ ስለሚወርድ ባለቤቱ የመደቡን ስፋት የሚወስነው በጉልበቱና በዘሩ መጠን ነው። ዝናቡ ከቆመ በኋላ ያው መደብ በጀሪካን መጠጣት ይጀምራል፤ ጀሪካኑን የሚሸከመው ግን ብዙ ጊዜ መደቡን ያሰፋው ሰው አይደለም። በብዙ ቤት ውኃ የምትቀዳው እናት ወይም ሴት ልጅ ናት። የአባት ጓሮ የሰፋው የልጅን የጥናት ሰዓት ወስዶ ከሆነ ለቤተሰቡ የተጨመረለት ነገር የለም፤ ከአንዱ ተወስዶ ለሌላው ተሰጠ እንጂ።

ስለዚህ ዶማ ከመነሣቱ በፊት ስሌት ያስፈልጋል። በበጋ የአትክልት መደብ በአንድ ካሬ ሜትር በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ያህል ውኃ ይፈልጋል። ወርዱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሜትር የሆነ መደብ በቀን ከ40 እስከ 50 ሊትር ይጠጣል ማለት ነው፤ ይህም 20 ሊትር በሚይዘው ቢጫ ጀሪካን ሁለት ወይም ሁለት ተኩል ነው። ፀሐይና ነፋስ በሚበረታበት ቆላ መጠኑ ይጨምራል። እንግዲህ ባለቤቱ «ስንት መደብ ልሥራ?» ከማለቱ በፊት ቤተሰቡን ሰብስቦ «በመጋቢት በቀን ስንት ጀሪካን ይተርፈናል? የሚያመጣውስ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ አንድ ጀሪካን ከሆነ የበጋው መደብ 4 ካሬ ሜትር ነው። ይህ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ቆስጣና ጎመን ቅጠላቸው ከታች እየተቀነጠሰ ከላይ መልሰው ስለሚያቆጠቁጡ፣ በሚገባ የተያዘ 4 ካሬ ሜትር ከደረቀ 20 ካሬ ሜትር ይበልጣል። የቀረውን መሬት በክረምት ብቻ አልምቶ በበጋ ማሳረፍ ነውር የለበትም።

«ከጣሪያ ውኃ እናጠራቅም» የሚል ሐሳብ በየስብሰባው ይነሣል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ልኩ ግን ይታወቅ። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት 10 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት ቀን እስከ 400 ሊትር ይቀበላል፤ በፍሳሽና በትነት የሚባክነው ሲቀነስ እንኳ አንድ ባለ 200 ሊትር በርሜል ይሞላል። ሆኖም ሁለት ሙሉ በርሜል የ4 ካሬ ሜትሩን መደብ የሚያጠጣው ለ20 ቀን ብቻ ነው። በርሜል በጋውን በሙሉ አያሻግርም። ጥቅሙ ዝናቡ በመስከረም ቀድሞ ሲቋረጥ ወይም የበልጉ ዝናብ ሲዘገይ ቡቃያውን ማዳኑ ነው።

ከበርሜሉ ይልቅ በየቀኑ የሚደፋው ውኃ የበለጠ ይረዳል። የአትክልትና የእህል ማጠቢያ ውኃ በቀጥታ ወደ መደቡ መሄድ ይችላል። የልብስ አጠባ ውኃ ግን መለየት አለበት፤ ሳሙና የበዛበት የመጀመሪያው ውኃ ለጌሾውና ለፍራፍሬ ዛፉ ሥር፣ የመጨረሻው ማለቅለቂያ ደግሞ ለጎመኑ ይዋል። ሲጠጣም ቅጠሉን ሳይነካ በሥሩ ይፈስሳል። በረኪና የገባበት ውኃ ለየትኛውም ተክል አይሰጥ፤ ጥሬውን በሚበላ ሰላጣና ካሮት ላይም የልብስ ውኃ አይፍሰስ። የሳሙናው ጨው በአፈሩ እንዳይከማች በሳምንት አንድ ጊዜ ንጹሕ ውኃ ማጠጣት ይገባል። መደቡ በክረምት ከፍ፣ በበጋ ከመሬቱ ጥቂት ዝቅ ብሎ ቢሠራ፣ ላዩም በገለባ ወይም በደረቅ ሣር ቢሸፈን፣ የሚፈልገው ውኃ ይቀንሳል። ለበዓል የተጎዘጎዘው ቄጠማ ከቤት ተጠርጎ ሲወጣ ዘር ካልያዘ ለዚህ ሥራ ይሆናል።

አሁን ወደ ጊዜው እንምጣ፤ በዚህ ካህናት ከግብርና ባለሙያው ያላነሰ ሊረዱ ይችላሉና። የጾም ገበታ አትክልትን አብዝቶ የሚፈልግበት ወቅትና ጓሮው የሚደርቅበት ወቅት ይገናኛሉ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ መግቢያውም ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። ጎመንና ቆስጣ ከተዘሩ በኋላ ቅጠላቸው ለመቀንጠስ እስኪደርስ ሁለት ወር ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ የጾሙን መግቢያ ከባሕረ ሐሳቡ አውጥቶ ሁለት ወር ወደ ኋላ መቁጠር የዘሩን ቀን ይሰጣል። በ2018 ዓ.ም. ጾሙ የሚገባው የካቲት 9 በመሆኑ ዘሩ ታኅሣሥ 9 ገደማ ይወድቃል፤ በ2019 ዓ.ም. ደግሞ መግቢያው የካቲት 29 ስለሆነ ዘሩ ወደ ታኅሣሥ 29 ይገፋል። በሁለቱ ዓመታት መካከል የ20 ቀን ልዩነት አለ። በየዓመቱ በተመሳሳይ ቀን የሚዘራ ሰው አንዳንዴ ቅጠሉ ቀድሞ ይጠነክርበታል፤ አንዳንዴም ጾሙ ተጋምሶ ይደርስለታል። በደጋ ብርዱ እድገቱን ስለሚያዘገይ ከ10 እስከ 15 ቀን ቀደም ማለት፣ ውርጭ በሚጥልበት ሌሊትም መደቡን በሣር ወይም በጆንያ መሸፈን ያሻል። መስከረም 1 ቀን አጽዋማትና በዓላት ሲታወጁ የሰበካ ጉባኤው ይህን የዘር ቀን አስልቶ ቢይዝና በኅዳር መጨረሻ ለምእመናን ቢያስታውስ ወጪ የለውም።

ስለ ዛፍ ጥቂት እንበል። ባሕር ዛፍ ለግቢ አይሆንም፤ የአትክልቱን ውኃ ይሻማል። ከፍሬው የበቀለ አቮካዶ ለማፍራት ረጅም ዓመታት ያስጠብቃል፤ ፍሬውም እንደ እናቱ ላይሆን ይችላል፤ የተዳቀለው ችግኝ ግን ከ3 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ ያፈራል። ትልቅ ዛፍ ስለሚሆንም ከቤቱ ግድግዳ መራቅ አለበት። ፓፓያ በቆላና በሞቃት ወይና ደጋ እንጂ ውርጭ ባለበት ደጋ አይዘልቅም።

የሰበካ ጉባኤ ድርሻ ምን ይሁን? ችግኝ ማደል ቀላል ነው፤ ለዘገባም ያመቻል። የታደለው ችግኝ ቁጥር ግን በሰኔ እንጂ በሚያዝያ አይቆጠርም። እኛ የምንመክረው ልማት ክፍሉ በጓሮው ደስ የተሰኘ አባወራ ወይም እማወራ ዘንድ ሄዶ ከላይ ያነሣነውን የጀሪካን ጥያቄ ከመላው ቤተሰብ ጋር እንዲነጋገርበት ነው። በዚያ ውይይት ውኃ የምትቀዳዋ ልጅ መገኘት አለባት፤ አንድ ጀሪካን ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ከእርሷ የተሻለ የሚያውቅ የለምና። የምትመልሰውም በአባቷ ፊት እንዳትሸማቀቅ ጥያቄውን ካህኑ ራሳቸው ቢያቀርቡላት ይመረጣል። የጓሮ መሬት የሌላቸው ተከራዮችም አይዘንጉ፤ በአሮጌ የማዳበሪያ ከረጢት አፈርና ብስባሽ ሞልቶ ቆስጣ ማብቀል ይቻላል፤ ቤት ሲለቀቅም ከረጢቱ አብሮ ይሄዳል።

ብስባሹ ቀደም ብሎ ቢጀመር ለታኅሣሡ ዘር ይደርሳል። ደረቅ ገለባ፣ እርጥብ ቅጠል፣ እበትና ጥቂት አፈር በየተራ ይደራረባሉ፤ አመድ ከአንድ እፍኝ አይብለጥ። እርጥበቱ ተጨምቆ እንደወጣ ጨርቅ ይሁን። በክምሩ መካከል የተሰካ እንጨት ሲወጣ ሞቅ ካለ ሥራው እየሄደ ነው፤ ከቀዘቀዘና ከደረቀ ውኃ ይጨመርለት፣ በወር አንድ ጊዜም ይገላበጥ። ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ እንደ ጫካ አፈር ይሸታል።

ዘርን በተመለከተ፣ ከጎመኑ መደብ ያማሩ ጥቂት ተክሎች ቅጠላቸው ሳይቀነጠስ ለዘር ይተዉ። እንጨት ተተክሎ ይደገፉ፤ ዶሮ እንዳይደርስባቸውም ይታጠሩ። የዘር ቆባቸው ቢጫ መሆን ሲጀምር፣ ዘሩ ሳይረግፍ፣ ጤዛ ገና ሳለ በማለዳ ታጭደው በጨርቅ ላይ ይሰጡ። የደረቀው ዘር ከአመድ ጋር በክዳን ዕቃ ተቀምጦ፣ በላዩ ዓመተ ምሕረቱ ይጻፍበት።