ስለ ሲንጋፖር ከተማ አየርና ስለ ሱማትራ ረግረግ እሳት

ሲንጋፖር ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 137 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፥ በባሕር የተከበበች ደሴት ናት። ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ትሆናለች፤ ከፍተኛው ኮረብታዋ ቡኪት ቲማም ከ165 ሜትር አያልፍም። ነፋስን የሚያግድ ተራራ ስለሌላት ከባሕር የመጣው አየር በላይዋ አልፎ ይሄዳል እንጂ በሸለቆ እንዳለ ከተማ ታፍኖ አይቀርም። ዝናሙም በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። እንዲህ ያለችውን አገር ጢስ ያስጨንቃታል ብሎ የሚጠረጥር ሰው አይገኝም። ሆኖም ሰኔ 14 ቀን 2005 ዓ.ም. በቀትር ጊዜ የአየሩ መለኪያ ቍጥር 401 ደረሰ። በዚሁ መለኪያ ከ100 በላይ የሆነው ለጤና የማይስማማ፥ ከ300 በላይ የሆነው አደገኛ ተብሎ ይቈጠራል።

ምክንያቱን ለማወቅ አስቀድሞ የነፋሱን ወራት መለየት ያስፈልጋል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ፥ ከደቡብ ቻይና ባሕር ይመጣል፤ ረጅም የውሃ መንገድ አቋርጦ ስለሚደርስ ንጹሕ ነው፤ በተለይም በመጀመሪያው ወራት ብዙ ዝናም ያመጣል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት፥ እንደገናም በጥቅምትና በኅዳር ነፋሱ ይደክማል፤ ያን ጊዜ የመኪናው፥ የመርከቡና የነዳጅ ማጣሪያው ጢስ ከከተማይቱ ቶሎ አይርቅም፤ ከቀትር በኋላ የሚወርደው የነጐድጓድ ዝናም ግን ጥቂት ያጥበዋል። ዝናም ወፍራሙን ትቢያ በቀላሉ ሲያወርድ፥ እጅግ የደቀቀውን የጢስ ብናኝ ለማውረድ ግን ይቸገራል። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ነፋሱ ከደቡብና ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል። በኢትዮጵያ ክረምት በሆነበት በዚህ ወራት በሱማትራ ደሴት ዝናም ይቀንሳል፤ ሱማትራም የምትገኘው ከነፋሱ መምጫ በኩል ነው። ስለዚህ የሲንጋፖር ሰው በዚያ ወራት የሚተነፍሰው አየር አስቀድሞ በሌላ መንግሥት እርሻ ላይ ያለፈ አየር ነው።

የምሥራቅ ሱማትራ ቈላ፥ ይልቁንም የሪያው አገር፥ ፒት በሚባል አፈር የተሸፈነ ነው። ይህ አፈር በውሃ ውስጥ ስለ ተኛ ሳይበሰብስ በብዙ ሺሕ ዓመት የተከማቸ የቅጠልና የእንጨት ቅሪት ነው፤ በአንዳንድ ስፍራ ጥልቀቱ ከ10 ሜትር ይበልጣል። ውሃው ሳይነካ በቈየበት ዘመን እሳት አይደፍረውም ነበር። ለዘይት ዘንባባና ለወረቀት የሚሆን ዛፍ ለመትከል ሲባል ግን ቦይ እየተቈፈረ ውሃው ፈሰሰ፤ የደረቀውም አፈር ማገዶ ሆነ። በሸዋ ደጋ በአንዳንድ ስፍራ ገበሬው ለገብስ አፈሩን ከምሮ ሲያቃጥል ያየ ሹም አፈር ሊነድ መቻሉን ለማመን አይቸግረውም። ልዩነቱ የደጋው ክምር ሲያልቅ ይበርዳል፤ የፒቱ እሳት ግን ከምድር በታች እየተሳበ ብዙ ሳምንት ይቈያል። ነበልባል ስለሌለው ጢሱ ወፍራም ነው፤ ወደ ላይም ብዙ ስለማይወጣ ወደ ምድር ቀርቦ ይሄዳል፤ ነፋሱ የቀና እንደ ሆነ ባሕሩን ለመሻገር ከአንድ ቀን በላይ አይፈጅበትም። በላዩ ውሃ ቢረጩበት ከሥር ያለውን አያጠፋውም።

መሬት በእሳት መመንጠር ከሁሉ የሚረክስ ዘዴ በመሆኑ ጥቂት መሬት ያለውም ገበሬ ትልቅ እርሻ ያለውም ማኅበር ይጠቀምበታል። ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ድኻው ነው፤ ነገር ግን ረግረጉን ያደረቁት ትልልቅ ቦዮች በዶማ የተቈፈሩ አይደሉም።

ኤል ኒኞ በሆነበት ዓመት፥ ማለት የፓስፊክ ውቅያኖስ ምሥራቁ ክፍል ሞቆ ዝናሙ ከኢንዶኔዥያ ሲርቅ፥ ጕዳቱ ይበረታል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1997 እንዲሁ ሆነ። በ2015 በኢንዶኔዥያ 2.6 ሚሊዮን ሄክታር ተቃጠለ፤ የዓለም ባንክም የአገሪቱን ኪሣራ 16 ቢሊዮን ዶላር ገመተው። በሲንጋፖርም መስከረም 14 ቀን 2008 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ዋሉ። ይሁን እንጂ ከላይ የተነገረው የ401 ቀን የደረሰው ኤል ኒኞ ባልነበረበት ዓመት ነው። የደረቀ ፒት ባለበት አገር የጥቂት ሳምንት ድርቅና የቀና ነፋስ ይበቃል።

የደቡብ ምሥራቅ እስያ መንግሥታት ስለዚሁ ጢስ በ2002 ውል ተፈራረሙ፤ ኢንዶኔዥያ ግን ያጸደቀችው በ2014 ነው። በዚያው ዓመት ሲንጋፖር በውጭ አገር እሳት አንሥቶ አየሯን የሚያበላሽ ማኅበር የሚቀጣበትን ሕግ አወጣች። ለእርሻ ሹማምንት ከነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው በኢንዶኔዥያ የወጣው የውሃ ደንብ ነው፤ በእርሱ መሠረት በፒት ላይ በተተከለ እርሻ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከአፈሩ ገጽ ከ40 ሳንቲ ሜትር በታች መውረድ የለበትም። ውሃው ከዚህ ዝቅ ሲል ባለ እርሻው ቦዩን በግድብ እየዘጋ ውሃውን መመለስ ይገባዋል፤ ይህም የሚመረመረው በምድሩ ውስጥ በተተከለ ቧንቧ ጥልቀቱን በመለካት ነው።