ትምህርት 11፦ አበባና ባለውለታዎቹ

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በመጀመሪያ በለሆሳስ፣ ቀጥሎም ድምፃችሁን አሰምታችሁ አንብቡ። በምታነቡበት ጊዜ «የዚህን አበባ ብናኝ የሚያደርስለት ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ አትዘንጉ።

እንስሳ ተጓዳኙን ፍለጋ ከቦታ ወደ ቦታ ይዘዋወራል። ተክል ግን በበቀለበት ሥፍራ ተተክሎ ይኖራል። ይሁን እንጂ ዘር ይተካ ዘንድ በአበባ የወንዴ ክፍል ላይ የሚገኘው ዱቄት መሰል ብናኝ ወደ ሴቴው ክፍል ጫፍ መድረስ አለበት። ይህ የብናኝ መተላለፍ ርክበ ብናኝ ይባላል። ብናኙ በዚያ ካረፈ በኋላ እንደ ክር የቀጠነ ቱቦ ወደ ታች ይሰድና ከዕንቁላሉ ጋር ይገናኛል፤ ከዚያም ዘር ይቋጠራል። እንደ ጤፍና ስንዴ ያሉት አዝርዕት ይህን ተግባር በአብዛኛው በየራሳቸው አበባ ውስጥ ይፈጽማሉ። ሌሎች ብዙዎች ግን ያለ መልእክተኛ አይሆንላቸውም።

ከመልእክተኞቹ አንዱ ነፋስ ነው። የበቆሎን ተክል ተመልከቱ። በአናቱ ላይ የሚወጣው ዘርዛራ አበባ ወንዴ ሲሆን፣ ከእሸቱ ጫፍ የሚንጠለጠለው ጸጉር ደግሞ የሴቴው አበባ ክፍል ነው። እያንዳንዱ ጸጉር ወደ አንዲት ፍሬ ያመራል፤ ብናኝ ያልደረሰው ጸጉር ፍሬ አይሰጥም። እሸት ስትፈለፍሉ አልፎ አልፎ ባዶ ቦታ የምታገኙበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ነፋስ ዓይንም አፍንጫም ስለሌለው፣ በእርሱ የሚገለገሉ አበቦች ደማቅ ቀለምና መዓዛ አያስፈልጋቸውም። ይልቁንም ቀላልና ደረቅ ብናኝ እጅግ አብዝተው ያዘጋጃሉ፤ ከብዙው መካከል ካሰበበት የሚደርሰው ጥቂቱ ነውና።

ነፍሳት ግን ያለ ዋጋ አይሠሩም። ንብ አበባን የምትጎበኘው ጣፋጩን ፈሳሽና ብናኙን ለመቅሰም ነው። ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ስትበር በሰውነቷ ጠጉር ላይ የተጣበቀውን ብናኝ ሳታውቀው ታደርሳለች። ከክረምት በኋላ ማሳውን ቢጫ የሚያለብሰው ኑግ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። የኑግ ተክል በራሱ ብናኝ ዘር ለመያዝ እምብዛም አይችልም፤ ከጎረቤት ተክል የመጣ ብናኝ ያስፈልገዋል። ስለዚህ በኑግ ዘይት ውስጥ የገበሬው ላብ ብቻ ሳይሆን የንብም ድካም አለበት።

የዋርካና የሾላ ነገር ደግሞ ያስደንቃል። አበባቸው በውጭ አይታይም፤ ፍሬ ብለን በምንጠራው ክብ አካል ውስጥ ተሸሽጎ ይገኛል። ከትንኝ የማትበልጥ ተርብ በፍሬው ጫፍ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ስትገባ ክንፏ ይረግፋል። በውስጡም ይዛ የመጣችውን ብናኝ አራግፋ፣ ዕንቁላሏን ጥላ ትሞታለች። ከዚያ የሚፈለፈሉት ሴት ልጆቿ አዲስ ብናኝ ይዘው ወደ ሌላ ዛፍ ይበራሉ። የእሬትንና የጅብራን አበባ ደግሞ ሹል ምንቃር ያላቸው ትንንሽ ወፎች ይጎበኛሉ፤ ከእነዚህም አንዷ በተከዜ ወንዝ ስም የተጠራች ናት።

መልእክተኛው ቢጠፋስ ምን ይሆናል? የቫኒላ ታሪክ ለዚህ መልስ ይሰጣል። ቫኒላ የሜክሲኮና የአካባቢዋ ሐረግ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በሕንድ ውቅያኖስ ወደምትገኘው ወደ ሬዩኒዮን ደሴት ተወስዶ ተተከለ። ሐረጉ ለመለመ፤ አበበም፤ ነገር ግን በትውልድ አገሩ የሚያገለግሉት ንቦች አብረውት ስላልተጓዙ ፍሬ ነሣ። እ.ኤ.አ. በ1841 ኤድሞን የሚባል የ12 ዓመት ልጅ፣ ያውም በባርነት የሚኖር፣ ወንዴውን ከሴቴው የሚለየውን ስስ ልባስ በቀጭን እንጨት አንሥቶ ሁለቱን በአውራ ጣቱ አገናኛቸው። ፍሬም ተገኘ። ዘዴው የቫኒላ አምራቾችን አበለጸገ፤ በኋላ ኤድሞን አልቢዩስ ተብሎ የታወቀው ባለ ዘዴ ግን እ.ኤ.አ. በ1880 በድህነት ሞተ። የቫኒላ አበባ ፈክታ የምትቆየው ለአንድ ቀን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬም ሠራተኞች በየማለዳው አበባዎቹን አንድ በአንድ እየዳሰሱ፣ ንብ በነጻ ትሠራው የነበረውን ሥራ በእጃቸው ይሠራሉ።

እንግዲህ ማሳው ባበበ ጊዜ በጠራራ ፀሐይ ፀረ ተባይ የሚረጭ ገበሬ፣ ከተባዩ ጋር ባለውለታውንም ይገድላል። ርጭት ግድ ቢሆን እንኳ ንቦች ወደ ቀፎአቸው ከተመለሱ በኋላ በምሽት ቢደረግ ጉዳቱ ይቀንሳል። አበባ ስለ ታየ ብቻ መከር ይኖራል ማለት አይደለም፤ በአበባውና በፍሬው መካከል መልእክተኛ አለና።

ለ. የመረዳት ጥያቄዎች

1. በነፋስ የሚገለገሉ አበቦች ብናኝ የሚያበዙት ለምንድን ነው?
2. የኑግ ገበሬና ንብ አርቢ ጎረቤታሞች ቢሆኑ ማን ከማን ይጠቀማል? አብራሩ።
3. የሬዩኒዮን ቫኒላ እያበበ ፍሬ የነሣው ለምን ነበር?
4. «ባለውለታ»፣ «መቅሰም»፣ «ነሣ» የሚሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ የያዙትን ፍቺ ጻፉ፤ በየራሳችሁም ዓረፍተ ነገር አስገቧቸው።

ሐ. ሰዋስው፦ ገቢርና ተገብሮ ግሥ

የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

ነፋስ ብናኙን በተነው።
ብናኙ በነፋስ ተበተነ።

በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ ድርጊቱን የሚፈጽመው ነፋስ ነው፤ ግሡም ገቢር ይባላል። በሁለተኛው ግን ባለቤቱ ድርጊቱ የሚደርስበት ብናኝ ነው፤ ግሡም ተገብሮ ይባላል። ገቢሩ ወደ ተገብሮ ሲለወጥ ተሳቢው «ን»ን ጥሎ ባለቤት ይሆናል፤ ድርጊት ፈጻሚው «በ»ን ያስቀድማል፤ ግሡም «ተ»ን ይጨምራል። «ይበተናል» በሚለው ግን «ተ» ትዋጣለች፤ በምትኩ «በ» ጠብቃ ትነበባለች።

መልመጃ፦ ቀጥሎ ያሉትን ወደ ተገብሮ ለውጡ።

1. ንቧ አበባውን ቀሰመችው።
2. ገበሬው መድኃኒቱን ረጨው።
3. ልጁ ልባሱን በቀጭን እንጨት አነሣው።
4. ከምንባቡ አምስተኛ አንቀጽ ሦስት ተገብሮ ግሦች አውጡ። በእያንዳንዱ ድርጊት ፈጻሚው ማን እንደ ሆነ ተገልጿልን?

መ. ድርሰት

የአንቀጽ ዐቢይ ሐሳብ የሚገኝበት ዓረፍተ ነገር ኃይለ ቃል ይባላል። በምንባቡ ሦስተኛ አንቀጽ ኃይለ ቃሉ «ነፍሳት ግን ያለ ዋጋ አይሠሩም» የሚለው ነው፤ የቀሩት ዓረፍተ ነገሮች እርሱን ያስረዳሉ።

በትምህርት ቤታችሁ ወይም በመንደራችሁ የሚገኝ አንድ ያበበ ተክል ምረጡና 15 ደቂቃ ያህል ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ማን ጎበኘው? ስንት ጊዜ? የአበባው ቀለም፣ መዓዛና ቅርጽ ለጎብኚው እንዴት ይመቻል? ያያችሁትን ብቻ መሠረት አድርጋችሁ፣ ኃይለ ቃሉ የጎላ አንድ አንቀጽ ጻፉ። ምንም ጎብኚ ካልመጣ ይህንኑ ጻፉ፤ ምክንያቱ ምን ሊሆን እንደሚችልም ግለጹ።