የስሜን ዛፎች በሞዴል ላይ፦ የቅጠል አሠራርና የመጠን ስሌት

ከደባት ተነሥቶ በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚወጣ ሰው የዕፅዋቱ መልክ ከከፍታው ጋር ሲለዋወጥ ይመለከታል። በከተሞቹ ዙሪያ ባሕር ዛፍ ይበዛል፤ ከፍ ሲባል አስታ (ውጨና) ይተካዋል፤ ከ3,700 ሜትር ገደማ በላይ ደግሞ ጅብራ በሣሩ መካከል ተለይቶ ይታያል። ይህን ለውጥ በክፍል ውስጥ ለማሳየት ሞዴል ጥሩ መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ በብዙ ሞዴሎች ላይ ዛፍ ሁሉ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ድቡልቡል ሆኖ ይቀርባል። ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ከአገር በቀሉ አስታ ካልተለየ ሞዴሉ ተመልካቹን ያሳስታል።

ቅጠሉ ምን ያህል ይሁን?

የሞዴሉ መጠን 1፡200 ነው እንበል። 30 ሜትር የሚረዝም ባሕር ዛፍ 15 ሴንቲ ሜትር፣ 6 ሜትር የሚሆን አስታ ደግሞ 3 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 20 ሴንቲ ሜትር የሚረዝመው የባሕር ዛፍ ቅጠል 1 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 5 ሚሊ ሜትር የሆነው የአስታ ቅጠል ግን 0.025 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ጤናማ ዓይን በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ለይቶ የሚያየው እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ያለውን ነው። ስለዚህ የአስታን ቅጠል አንድ በአንድ መሥራት ትርጉም የለውም፤ መሠራት ያለበት የቅጠሎቹ ክምችትና በመካከላቸው ያለው ክፍተት ነው።

አሠራሩ

1. ግንድ፦ ከተጣለ የኤሌክትሪክ ገመድ የወጡ ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎችን ግመዱ፤ ጫፋቸውን ፈታታችሁ ቅርንጫፍ አድርጉ። ለባሕር ዛፍ ቀጥ ያለ፣ ለአስታ ጠማማ ይሁን። ኮላ ቀብታችሁ የላመ ሰጋቱራ ነስንሱበት።

2. ቅጠል፦ ስፖንጅ በቀለም ነክራችሁ አድርቁ፤ በመቀስ ከትፋችሁ በወንፊት ንፉ። ደቃቁ ለአስታ፣ ሻካራው ለባሕር ዛፍ ያገለግላል።

3. መለጠፍ፦ ኮላውን የቅርንጫፎቹን ጫፍ ብቻ ቀቡ። በዛፉ ውስጥ ብርሃን ማለፍ አለበት።

4. ቀለም፦ ከታች ጠቆር ያለ፣ ከላይ ፈካ ያለ ይሁን፤ ፀሐይ ከላይ ታበራለችና። ሩቅ ያለ ዛፍ በአየር ውስጥ በሚበተነው ብርሃን ምክንያት ፈዝዞ ስለሚታይ፣ የሞዴሉ ቀለም ከእውነተኛው ቅጠል ትንሽ ይፍካ።

ጅብራ የተለየ አሠራር አለው። ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚረዝሙ የወረቀት ቅጠሎች በግንዱ አናት ላይ በክብ ይደረደራሉ፤ ከሥራቸውም ቡናማ የደረቁ ቅጠሎች ይንጠለጠላሉ። ጅብራ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት በመሆኑ፣ አንዳንዱን ያለ አበባ፣ አንዳንዱን ረጅም የአበባ ዘንግ ያለው፣ አንዳንዱንም ደርቆ የቆመ አድርጋችሁ ሥሩ።

ጥንቃቄ

የአስታ ቅርንጫፍ ራሱ ትንሽ ዛፍ ስለሚመስል ቆርጦ መትከል ያጓጓል። ነገር ግን ሲደርቅ ቅጠሉ ይረግፋል፤ ከፓርኩ ዕፅዋት መቁረጥም ተገቢ አይደለም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ ነበር፤ ከምክንያቶቹም የዋልያ ቁጥር መቀነስና የእርሻ መስፋፋት ይገኙበታል። ከዝርዝሩ የወጣው በ2017 ነው።

መልመጃ

መጠኑ 1፡500 ቢሆን የባሕር ዛፉ ቁመትና የቅጠሉ ርዝመት ስንት ይሆናል? ቅጠሉስ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይታያልን?