በጥቂት ዶላር ደህና ሽጉጥ፦ ማሪዬታ ለሚኖር ወጣት የተጻፈ ምክር

ልጄ፣ ነዳጅ ማደያ የሌሊት ሥራ ከያዝክ ወዲህ «ጋሼ፣ በትንሽ ገንዘብ ጥሩ ሽጉጥ የቱ ነው?» እያልክ ትጠይቀኛለህ። ያለንበት አካባቢ ለዚህ ጥያቄ ሩቅ አይደለም። ጆርጂያ ውስጥ ከማሪዬታ በስተሰሜን ያለችው ኬነሶ በ1982 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ እጽፋለሁ) አባወራ ሁሉ መሣሪያና ጥይት ቤቱ ይኑረው ብላ ሕግ ያወጣች ከተማ ናት። በስተደቡብ ያለችው ስሚርና የሽጉጥ አምራቹ የግሎክ የአሜሪካ መሥሪያ ቤት መቀመጫ ናት። የብራዚሉ ታውረስም በ2019 ፋብሪካውን ከማያሚ ወደ ጆርጂያዋ ቤይንብሪጅ አዛውሯል። ሽጉጥ በሽ ነው። ስለዚህ መደብር ከመግባትህ በፊት ይህን አንብብ።

1. መጀመሪያ ወረቀትህን እይ። ፈቃድ ካለው ነጋዴ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት ሊሞላህ ይገባል። ግሪን ካርድ ካለህ ትገዛለህ፤ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ጓደኛህ ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይፈቀድለትም። ነጋዴው ፎርም 4473 የሚባል ወረቀት ይሰጥሃል። ዜግነት የሚለው ላይ ስትደርስ እጅህን ሰብስብ፤ ገና ሳትማል አሜሪካዊ ነኝ ብለህ ብትሞላ ከአገር ሊያስባርርህ ይችላል። ማሪዋና ለሚያጨስ ሰው በፌዴራል ሕግ መሣሪያ መያዝ ክልክል ነው። በትዳር ጠብ እጁን አንስቶ የተፈረደበትም፣ ወንጀሉ ቀላል ቢባል እንኳ፣ ከ1996 ወዲህ ተከልክሏል። «በስምህ ግዛልኝ» የሚል ወዳጅ ከመጣ ደግሞ ይሉኝታህን ተወው፤ ከ2022 ወዲህ እስከ 15 ዓመት ያሳስራል።

2. ገንዘብህን በሙሉ ለሽጉጡ አትስጥ። 500 ዶላር ካለህ ለሽጉጡ ከ300 እስከ 350 በቂ ነው። የቀረው ለመቆለፊያ ሳጥን፣ ለማኅደር፣ ለሬንጅ (ለተኩስ መለማመጃው ቦታ) መግቢያና ለጥይት ነው። 50 ጥይት የያዘ የመለማመጃ ፓኮ 15 ዶላር አካባቢ ነው። ይህን ሁሉ ሳይደምሩ የሽጉጥ ዋጋ የሚያወሩ ሰዎች በሬ ገዝተው ገለባ እንደረሱ ገበሬዎች ናቸው።

3. 9 ሚሊ ግዛ፤ ግን 9 ሚሊ ሁሉ አንድ አይደለም። የእኔ ትውልድ ሰዎች ማካሮቭ ሲያዩ ልባቸው ይሸፍታል፤ እኔም ወታደር ሳለሁ የታጠቅሁት እሱን ነው። ሶቪየቶች በ1951 የታጠቁት፣ ጠንካራና የማያስቸግር መሣሪያ ነው። ይሁንና የእሱ ጥይት 9 በ18 ነው፤ እዚህ እያንዳንዱ ሱቅ የሚሸጠው 9 በ19፣ ሉገር የሚባለው ነው። አንዱ በሌላው አይተኩስም። የማካሮቭ ጥይት እዚህ ፈልገህ ነው የምታገኘው፤ ስታገኘውም ይወደዳል። ናፍቆትህን በሌላ ነገር ተወጣ።

የኪስ ሽጉጥም ለጀማሪ አይሆንም። ትንሽና ቀላል ስለሆነ ገር ይመስላል፤ ሲተኮስ ግን እጅ ይመታል፤ እጁን የመታውን መሣሪያ ደግሞ ሰው አይለማመድበትም። መዳፍህ ሙሉ የሚጨብጠውን መካከለኛ መጠን ያለውን ምረጥ።

4. ስለ ስሞቹ እንነጋገር። በአዲስነቱ ከ400 ዶላር በታች ከሚገኙት የሩገር ሴኪዩሪቲ 9ን እና የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ኤስዲ 9ን ያለ ስጋት እመክርሃለሁ። የቱርኩ ካኒክ ትንሽ ይወደዳል፤ ቃታው ግን ከእነዚህ ሁለቱ ይለሰልሳል። ታውረስ ጂ 3 ሲ ከእነዚህ ሁሉ ይረክሳል፤ ለዋጋው ደህና ነው። የድሮዎቹን የታውረስ ሞዴሎች፣ ፒቲ 111 ሚሌኒየምንና 24/7ን የመሰሉትን፣ ፓውን ሾፕ ውስጥ ብታያቸው እለፋቸው። ወድቀው ሊተኩሱ ይችላሉ ተብሎ ተከስሶ ኩባንያው በ2015 በ9 ሞዴሎች ላይ ስምምነት አድርጓል። ውድ የሆነው ሁሉ ከዚህ ነጻ ነው አትበል፤ ሲግ ሳወርም በ2017 ፒ 320ን ከመውደቅ ጋር በተያያዘ ችግር እየሰበሰበ በነጻ አሻሽሏል። የምትገዛው ሽጉጥ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ይዘህ የአምራቹን የጥሪ ዝርዝር ማየት ገንዘብ አያስወጣም።

ሃይ ፖይንት የሚባል የኦሃዮ ሥራ አለ። ይከብዳል፤ መልኩም አያምርም፤ ግን ይተኩሳል፣ ዋስትናውም የዕድሜ ልክ ነው። ቤት ለማስቀመጥ እንጂ ለመታጠቅ አይሆንም። ሎርሲን፣ ሬቨን፣ ጄኒንግስና ብራይኮ የሚባሉትን ግን በ100 ዶላር ቢሰጡህም አትውሰድ። በሎስ አንጀለስ አካባቢ ከዚንክ ቅልቅል የተሠሩ፣ ፋብሪካቸው የተዘጋ፣ መለዋወጫ የሌላቸው ናቸው። ቀለሃ ይነክሳሉ፤ ሲጥሏቸው የሚያደርጉት አይታወቅም።

5. ያገለገለ ደህና ሽጉጥ ከአዲስ መናኛ ይሻላል። የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች ሽጉጣቸውን ሲቀይሩ አሮጌውን ለነጋዴ ያስረክባሉ፤ እንዲህ ያለውን ግሎክ ብዙ ጊዜ በ300ና በ400 ዶላር መካከል ታገኘዋለህ። ፖሊስ ሽጉጡን ዓመት ሙሉ በወገቡ ይዞ ይዞራል እንጂ ብዙም አይተኩስበትም፤ ስለዚህ ውጪው ተፍቆ ውስጡ ጤነኛ ይሆናል። ከእነዚህ በጣም ርካሹ ግሎክ 22 ነው። ጥይቱ .40 የሚባለው፣ በ1990 የወጣው ነው። ኤፍቢአይ ወደ 9 ሚሊ ሲመለስ ብዙ ፖሊስ ተከተለና .40ው ገበያ ላይ ረከሰ። እርግጫውም የጥይቱ ዋጋም ከ9 ሚሊ ስለሚበልጥ፣ 50 ዶላር ጨምረህ 9 ሚሊውን ግሎክ 17 ወይም 19 ብትወስድ በዓመቱ መጨረሻ አትርፈሃል።

ስትመረምረው ነጋዴውን አስፈቅደህ፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙረህ፣ ካርታውን አውጣ፣ አቀባብል፣ ጥይት እንዳልጎረሰ በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ከዚያ አፈሙዙን ፍታልኝ በል፤ ውስጡ ዝገት የበላው ጉድጓድ ካለው ተወው። ሞላው ከደከመ አያሳስብህ፤ በጥቂት ዶላር ይለወጣል። ቢያንስ ሁለት ካርታ ይኑረው።

6. ሳትተኩስበት አትውደደው። ሬንጅ ሽጉጥ ያከራያል። የገዛኸውንም ሁለት መቶ ጥይት ያህል ሳትተኩስበት አትመነው። ከጓደኛ ይልቅ አስተማሪ ያስተምርህ፤ አገር ቤት ለሠርግና ለልቅሶ ወደ ሰማይ የተኮሰ ሁሉ እዚህ መጥቶ አስተማሪ ሆኗል።

7. ፓርኪንግ ላይ ከማታውቀው ሰው አትግዛ። ጆርጂያ ውስጥ በግለሰቦች መካከል መሸጥ ያለ ምርመራ ይቻላል፤ ግን ከመኪና የተሰረቀ ሽጉጥ መሆን አለመሆኑን አንተ በምን ታውቃለህ? ግሪን ካርድ ያለው ሰው በመሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ከአገር ሊወጣ ይችላል።

8. ከ2022 ጀምሮ ጆርጂያ ውስጥ ሕግ ያልከለከለው ሰው ያለ ፈቃድ ወረቀት ይታጠቃል። ፈቃዱን አሁንም እዚሁ ማሪዬታ ያለው የካብ ካውንቲ ፕሮቤት ፍርድ ቤት ይሰጣል፤ ወደ ሌላ ስቴት ስትሄድ ሊጠቅምህ ይችላልና አውጣው። ግሎክም ሆነ ብዙዎቹ የዘመኑ ሽጉጦች በጣት የሚዘጋ መቆለፊያ የላቸውም፤ እንደ አገር ቤቱ ወገብ ላይ ሻጥ አይደረጉም። ቃታውን የሚሸፍን ጠንካራ ማኅደር ግዛ። ቤተ ክርስቲያን የሰበካው አስተዳደር ካልፈቀደ ይዘህ አትግባ። ለማደያው ባለቤት ሳትነግር ሥራ አትሂድ። ቅዳሜና እሁድ ኡበር የምትነዳ ከሆነ ኩባንያው ለሹፌርም ለተሳፋሪም መሣሪያ እንደሚከለክል እወቅ። ቢራ ነጥቆ የሚሮጥ ልጅ ላይ መተኮስ ደግሞ ማደያውን ሳይሆን አንተን ወህኒ ያስገባል። አውሮፕላን ጣቢያ ስትሄድ ቦርሳህን ፈትሽ፤ በ2023 አትላንታ ፍተሻ ላይ 451 መሣሪያ ተይዟል፤ ከአሜሪካ ሁሉ የበለጠው ቁጥር ነው።

9. ቤትህን የመጨረሻ ያደረግሁት ስለሚብስ ነው። ፈቃድ ያለው ነጋዴ ሽጉጥ ሲሸጥልህ መቆለፊያ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ እሱ ግን ለመጀመሪያው ሌሊት ብቻ ይበቃል። በጣት ወይም በቁጥር የሚከፈት የብረት ሳጥን ግዛ፤ ግድግዳ ወይም አልጋ ላይ እሰረው። ልጆች ትራስ ሥር፣ ቁም ሣጥን ላይ፣ የቡና ረከቦት ውስጥ የተደበቀውን ሁሉ ያውቁታል።

ሌላው ሰው የማይነግርህ ነገር ደግሞ ይህ ነው። አሜሪካ ውስጥ በመሣሪያ ከሚሞተው ሰው ከግማሽ በላይ የሚሆነው በገዛ እጁ የሚሞት ነው። አንተ ራስህ፣ ሚስትህ ወይም አብሮህ የሚኖር ልጅ ከሐዘን፣ ከሥራ ማጣት ወይም ከፍቺ በኋላ ፊቱ ከጠቆረ ሽጉጡን አትግዛ፤ ከገዛህም ሌላ ቤት አስቀምጠው። ለእንዲህ ያለ ጭንቀት እርዳታ 988 ላይ ሌትም ቀንም ይደወላል፤ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል።